ያልመጣው ልጅ

በማርኬቲንግ ሥራ ከባዱ ጥያቄ «ማን ገዛ?» የሚለው አይደለም። እሱን ደረሰኙ ይነግረናል። ከባዱ «ማን ሳይመጣ ቀረ? ለምንስ ቀረ?» የሚለው ነው። ያልመጣ ደንበኛ ቅሬታ አያቀርብም። አስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ ወረቀት አይጥልም። «ዋጋችሁ ከብዶኝ ነው፤ መንገዱ ርቆኝ ነው» ብሎ የሚነግረን የለም። ዝም ብሎ በሌላ በኩል ያልፋል፤ እኛም የመጡትን እየቆጠርን ሥራው የተሳካ ይመስለናል።

በዚህ ወር ይህንኑ ጥያቄ ወደ ልጆቻችን ሜዳ ይዤው መጥቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ልጃችሁን ወደ ኳስ ወይም ወደ ዋና ስታደርሱ የሚሯሯጡትን ልጆች አይታችሁ ደስ ይላችኋል። የሠፈራችሁ ልጆች ግን ሁሉም እዚያ ናቸው? የጥበቃው ልጅ አለ? ቤት ውስጥ የምታግዛችሁ ልጅ ታናሽ እህትስ? እነዚህ ልጆች ያልመጡት ስፖርት ስለማይወዱ ነው ወይስ እኛ የማናየው አጥር ስላለ?

የራስ አጥር ቶሎ አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ የሰው አገር አጥር እንይና ወደ ቤታችን እንመለስ።

ዱላ፣ ኳስና ያልተጻፈ ሕግ

ቤዝቦልን አብዛኞቻችን የምናውቀው በፊልም ነው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በዱላ ይመታል፤ ከመታ በኋላም በሜዳው ላይ ያሉትን ማረፊያዎች ዞሮ ወደ ተነሣበት ለመመለስ ይሮጣል። የገና ጨዋታን ያየ ሰው ቢያንስ የዱላውና የኳሱ ነገር አይከብደውም።

አሜሪካውያን ይህን ጨዋታ የአገራቸው መለያ አድርገው ያዩታል። ይሁን እንጂ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ለ60 ዓመታት ገደማ ጥቁር ተጫዋች በዋናው ሊግ አልታየም። የሚገርመው የከለከላቸው ነገር በሕግ መጽሐፍ የሠፈረ አንቀጽ አልነበረም። የክለብ ባለቤቶች በዝምታ የተግባቡበት፣ ማንም ያልፈረመበት ሁሉም ግን የሚያከብረው ስምምነት ነበር። ጥቁሮቹ የራሳቸውን ሊግ መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ የተቋቋመው ሊግ ከእነዚህ ዋነኛው ነው። ዝምታው የተሰበረው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ጃኪ ሮቢንሰን የብሩክሊን ዶጀርስን ማልያ ለብሶ ሜዳ በገባ ዕለት ነበር። 50ኛ ዓመቱ ሲከበር የሮቢንሰን 42 ቁጥር ለሌላ ተጫዋች እንዳይሰጥ በሁሉም ክለቦች ታገደ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ በሚል ፊልም ይዘጋ ነበር። ግን አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከዋናው ሊግ ተጫዋቾች መካከል ጥቁር አሜሪካውያን ከመቶ 18 ገደማ ነበሩ። በ2023 የቀሩት ከመቶ 6 ገደማ ናቸው። በ2022 ለዋንጫ የተጋጠሙት ሁለት ቡድኖች ውስጥ በአሜሪካ የተወለደ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም፤ እንዲህ ያለ የፍጻሜ ጨዋታ ከ1950 ወዲህ አልታየም ነበር።

ምን ሆነ? ማንም «አትግቡ» አላላቸውም። በሩ ላይ የቆመ ዘበኛም የለም። ታዲያ ልጆቹ የት ሄዱ?

አራቱ ፒዎች ሜዳ ሲገቡ

ማርኬቲንግ የተማረ ሰው ሁሉ «አራቱ ፒዎች» የሚባሉትን ያውቃል፤ ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታና ማስተዋወቅ ናቸው። በቤዝቦል ላይ ስናስቀምጣቸው ምርቱ አልተለወጠም፤ ጨዋታው ያው የድሮው ነው። የተለወጡት ሌሎቹ ሦስቱ ናቸው።

ዋጋን እንውሰድ። ቤዝቦል ጓንት፣ ዱላና የራስ መከላከያ ቆብ ይፈልጋል። ይህ አንድ ነገር ነው። ዋናው ግን ጎበዝ የሚባሉ ልጆች ከሠፈር ቡድን ወጥተው ከከተማ ከተማ እየዞሩ ወደሚጋጠሙ የክፍያ ቡድኖች መሄዳቸው ነው። ለአሠልጣኝ፣ ለጉዞ፣ ለሆቴልና ለውድድር የሚከፈለው ተደምሮ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይሆናል። የዩኒቨርሲቲ ነፃ ትምህርት ዕድሉም ጠባብ ነው። ለረጅም ዓመታት አንድ ከፍተኛ ደረጃ ያለው የዩኒቨርሲቲ ቤዝቦል ቡድን የሚሰጠው ሙሉ ዕድል 11.7 ብቻ ነበር፤ እሱም ለሃያ ምናምን ተጫዋች ይሸነሸናል። የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ግን 85 ሙሉ ዕድል ነበረው። ገንዘብ የሌላት እናት ልጇን ወደ የትኛው ብትልከው ይሻላታል? መልሱን ለማወቅ የቢዝነስ ዲግሪ አያስፈልግም።

ቦታውም እንዲሁ ነው። ቤዝቦል ሰፊና የተስተካከለ ሜዳ ይፈልጋል፤ በተጨናነቀ የከተማ ሠፈር ውስጥ የቅርጫት ኳስ ቀለበት መስቀል ግን ይቀላል። ወደ ማስተዋወቅ ስንመጣ ደግሞ መልማዮች የሚሄዱት ልጆቹ ተሰብስበው ወደሚገኙበት፣ ማለትም ወደ ክፍያ ውድድሮቹ ነው። ያልከፈለ ልጅ አይታይም። ያልታየ ልጅ አይመረጥም። ያልተመረጠ ልጅ ታናሽ ወንድም ደግሞ መጀመሪያውኑ ዱላውን አያነሣም፤ በቴሌቪዥን የሚያየው ተጫዋች እሱን አይመስልማ።

ይህንን የተረዳ ሰው ነበር። ጆን ያንግ የሚባል የቀድሞ ተጫዋችና መልማይ እ.ኤ.አ. በ1989 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለመሃል ከተማ ልጆች ቤዝቦልን የሚመልስ ፕሮግራም ጀመረ። ያየው ነገር ቀላል ነበር፤ ልጆቹ ጨዋታውን አልጠሉትም፤ ጨዋታው ነው ከሠፈራቸው የወጣው።

ድህነት ብቻውን መልስ አይደለም

«እንግዲህ ድህነት ነዋ!» እንዳትሉ ሌላ አገር ላሳያችሁ። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ 11 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት የካሪቢያን አገር ናት። ከአሜሪካ ዋና ሊግ ተጫዋቾች ከአሥሩ አንዱ ገደማ የሚመጣው ከዚህች አገር ነው። ልጆቿ መንገድ ላይ የመጥረጊያ እንጨት ይዘው የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን እየመቱ ያድጋሉ። ከአሜሪካዊው የከተማ ልጅ የበለጠ ገንዘብ የላቸውም፤ ያነሰ እንጂ።

ልዩነቱ የአሜሪካ ክለቦች እዚያው አገራቸው ድረስ ሄደው ማሠልጠኛ መክፈታቸው ነው። ተመራጩ ልጅ እዚያ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሠለጥናል። አሜሪካ ውስጥ ልጁ ከፍሎ ወደ ጨዋታው ይሄዳል፤ ዶሚኒካን ውስጥ ጨዋታው ራሱ ወደ ልጁ መጣ። በእርግጥ ይህም የራሱ ጠንቅ አለው። ልጆች በ16 ዓመታቸው ውል ይፈርማሉ፤ ብዙዎቹ ለዚያ ብለው ትምህርታቸውን ጥለዋል፤ ዋናው ሊግ የሚደርሱት ደግሞ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ የነሱን መንገድ እንዳለ እንቅዳ አልልም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ አንድን ልጅ ሜዳ የሚያስገባው የኪሱ ውፍረት ብቻ ሳይሆን ማን ወደ እሱ እንደመጣ ነው።

ከአፍሪካ ደግሞ አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2011 ከካምፓላ የተነሣ የታዳጊዎች ቡድን ለዓለም የልጆች ቤዝቦል ውድድር አለፈ። ከአፍሪካ የመጀመሪያው መሆኑ ነበር። ልጆቹ ግን አሜሪካ አልገቡም፤ የዕድሜና የልደት ማስረጃቸው አልተጣጣመም ተብሎ ቪዛ ተከለከሉ። በዓመቱ ከሉጋዚ ከተማ የመጣው የኡጋንዳ ቡድን ተሳክቶለት ተጫወተ። መጀመሪያ ያለፉት ልጆች ግን ያችን ዓመት መልሰው አያገኟትም። እዚህ ላይ አጥሩ የቆዳ ቀለም አልነበረም፤ ሜዳም አልነበረም። ወረቀት ነበር።

ከሊማሊሞ ወዲያ

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እኔ ያደግኩት አዲ አርቃይ ነው። ደባርቅ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተነሣ ሰው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ ዛሪማን አልፎ አዲ አርቃይ ሲደርስ ጋቢውን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል፤ እንዲያ ያለ የአየር ለውጥ ነው። ከተማዋ ከጎንደር ወደ ሽረ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነች ሁለቱም ቋንቋ ይሰማባታል። እኔ ልጅ ሳለሁ ሜዳ ላይ አንዱ በአማርኛ «አቀብለኝ!» ሲል ሌላው በትግርኛ «ሃበኒ!» ይላል፤ ኳሷም ትሄዳለች። የካልሲ ኳስ ነበረች። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ተጠቅጥቆ በገመድ ይጠፈራል፤ ዋጋው ዜሮ ነው። ከእናቱ ካልሲ ሰርቆ ያመጣ ልጅ ደግሞ የዕለቱ አምበል ይሆናል።

ታኅሣሥ 29 ሲመጣ ጨዋታው ገና ነው። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ከጫካ ይቆረጣል፤ ኳሷ ከእንጨት ትቀረጻለች ወይም ከቆዳ ትሰፋለች። ሁለት ጎራ ተከፍሎ እስኪመሽ ነው። የዚህ ጨዋታ ትልቁ ቁም ነገር አባቶቻችን ያቆዩት ልማድ ይመስለኛል፤ በገና ዕለት ጌታ በአሽከሩ አይቆጣም። ዓመቱን ሙሉ ከፊቱ ቀና ብሎ የማይናገር ሰው በዚያች ቀን ጌታውን ዱላ ለዱላ ይጋጠመዋል፤ ያሸንፈዋል፤ ይቀልድበታልም። ለአንድ ቀን ቢሆንም አጥሩን ዐውቀው ያፈርሱት ነበር። ዋጋ የለውም፤ ማልያ የለውም፤ መዝገብ የለውም።

ሁሉም ሰው ግን አልነበረበትም። እኛ ሴቶቹ ዳር ቆመን ነበር የምናየው። የከለከለን ሰው አልነበረም። ማንም ግን «ነይ ዱላ ያዢ» አላለንም። የካልሲ ኳሷም ላይ እንዲሁ ነበር። ወንዶቹ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሜዳ ሲገቡ እኛ ጄሪካን ይዘን ውኃ ወረፋ፣ ከዚያ እንጀራ፣ ከዚያ ታናናሾቻችንን ማጠብ ነበር። ዛሬ በሙያዬ ቃል ስናገረው፣ ለሴት ልጅ የስፖርት ዋጋው በብር ሳይሆን በሰዓት ነው የሚከፈለው። ያ ሰዓት ደግሞ ቀድሞ ተሸጧል።

ሁለት ከተሞች በአንድ ከፍታ

ወደ ላይ፣ ወደ ደባርቅ እንመለስ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አርሲ ያለችው በቆጂም እንዲሁ። ሁለቱም ብርድ ናቸው፤ በሁለቱም አካባቢ ገብስና ስንዴ ይበቅላል፤ በሁለቱም አካባቢ የገጠር ልጅ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ነው ትምህርት ቤት የሚደርሰው። የዓለም ስፖርት ተከታታይ በቆጂ ሲባል «የሯጮች ከተማ» ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በዚሁ ስም ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶላታል። ደባርቅ ሲባል ግን ትዝ የሚለው ዋልያና ጭላዳ ነው።

ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡት ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ አራቱ ብቻ 9 የኦሊምፒክ ወርቅ አምጥተዋል። ይህን ሲያዩ «በደማቸው ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። የውጭ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ብለው የኢትዮጵያ ሯጮችን አጥንተዋል። ያገኙት ሯጮቹ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ይልቅ ከአርሲና ከሸዋ በብዛት እንደሚመጡ፣ ብዙዎቹም በልጅነታቸው ሮጠው ትምህርት ቤት ይሄዱ እንደነበር ነው። በእናት በኩል የሚወረሰውን ዘረመል ሲመረምሩ ግን ሯጮቹ ከሌላው ኢትዮጵያዊ ተለይተው አልተገኙም።

ታዲያ በቆጂ ምን አላት? አንድ የስፖርት መምህር ነበራት፤ ስንታየሁ እሸቱ። እሱም ልጆቹን በትምህርት ቤት ሜዳ ሲሯሯጡ አያቸው፤ ጎህ ሲቀድ እየጠራ አሠለጠናቸው፤ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ በእጁ ያለፉ ናቸው። ከዚያም የመጀመሪያዋ ልጅ ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ ቀጣዮቹ የሚከተሉት ሰው አገኙ። መምህሩ ልጅ ያያል፤ ልጁ ወደ ክለብ ይሄዳል፤ ክለቡ ወደ ብሔራዊ ቡድን ያሻግራል፤ ያሸነፈው ተመልሶ ለታናናሾቹ ምሳሌ ይሆናል። ይህ ሰንሰለት ነው። ከደም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ደባርቅ ላይ ሰንሰለቱ የሚላላው በርቀት ነው። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎንደር አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ። ትልልቆቹ ክለቦችና ማሠልጠኛዎች የሚበዙት እዚያ ወደ መሃል ነው። ከበቆጂ አሰላ አንድ ጠዋት ነው። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ የተነሣች ልጅ ግን አንድ ጊዜ ለመታየት ቀናት መጓዝ፣ የአውቶቡስ ብር ማግኘት፣ ከተማ ውስጥ የሚያሳድራት ዘመድ ማግኘት አለባት።

ሰንሰለቱ የሚጀምረው ደግሞ ከትምህርት ቤት ነው። በከተሞቻችን ውስጥ ቢያንስ የግል ማሠልጠኛ አለ፤ በገጠር ግን የትምህርት ቤቱ ሜዳና የስፖርት መምህሩ ብቻ ናቸው ክለቡም፣ አካዳሚውም፣ መልማዩም። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት የአዲ አርቃይን፣ የደባርቅንና የዳባትን አካባቢ ነክቶ አልፏል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስለ ፈተናና ስለ ክፍል እናወራለን፤ ልክ ነው። አብሮ የሚዘጋው የመጨረሻው ነፃ ሜዳ መሆኑን ግን እንረሳለን። የ13 ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት ካልሮጠ ያንን ዕድሜ በኋላ አይሮጠውም።

የእኛው «ዘር»

አሜሪካውያን ስለ ቆዳ ቀለም ሲያወሩ እኛ ዳር ቆመን መታዘብ እንወዳለን። ደግሞም የሚያኮራ ታሪክ አለን። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲዘጋጅ ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ቡድን እልካለሁ፤ ድብልቅ አልክም አለች። ይድነቃቸው ተሰማ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩበት ኮንፌዴሬሽን «እንግዲያውስ አትምጪ» አላት። የደቡብ አፍሪካ ተጋጣሚ የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ባርሴሎና፣ ደራርቱ 10 ሺህ ሜትርን አሸንፋ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሁለተኛ የወጣችው ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችው ደቡብ አፍሪካ ነጭ ሯጭ ኢላና ሜየር ነበረች። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ያንን ምስል ዓለም እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

በእኛ አገር ግን «ዘር» የሚለው ቃል ሲነሣ ጆሯችን የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። በ2010ዎቹ መጀመሪያ የአማራና የትግራይ ክልል ክለቦች ግጥሚያ በሜዳቸው መካሄድ አስቸግሮ በገለልተኛ ሜዳ እስከ መደረግ ደርሶ ነበር። ፋሲል ከነማ ጎንደር ነው፤ ስሑል ሽረ ደግሞ ሽረ። ሁለቱ ክለቦች የአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ናቸው፤ አዲ አርቃይ መሃል ላይ። «አቀብለኝ» እና «ሃበኒ» በአንድ ሜዳ የሚሰማባት ከተማ ማለት ናት። ከዚያ ጦርነቱ መጣና የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ወጡ፤ የተመለሱት በ2017 የውድድር ዘመን ነው።

ይህን የማነሣው የፖለቲካ ወገን ለመያዝ አይደለም። የኳስ ሜዳ ላይ የሚጀምረው ነገር ቤታችን ውስጥ ስለሚጀምር ነው። ልጅ «እነዚያ» እና «እኛ» የሚለውን የሚማረው ስታዲየም ከመግባቱ በፊት፣ ምሳ ላይ አባቱ ስለ ተጋጣሚው ቡድን ሲናገር ነው። ዳባት አጠገብ አለምዋጭ የሚባል የኤርትራ ስደተኞች መጠለያ አለ። እዚያ ያለ ልጅና የዳባት ልጅ በአንድ ኳስ ቢጫወቱ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚጣሉት ስለ ጎል ነው፣ ስለ ድንበር አይደለም።

ከቤታችን ምን እንጀምር?

እኔ ሚኒስትር አይደለሁም፤ እናንተም አብዛኞቻችሁ አይደላችሁም። አንድ ቤተሰብ ግን ሊያደርጋቸው የሚችሉ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ልጃችሁ የሚሠለጥንበትን ቡድን በያልመጣው ልጅ ዓይን እዩት። በየከተማው ሰው ሠራሽ ሳር ያላቸው ሜዳዎች በሰዓት ይከራያሉ፤ የወር ክፍያው፣ ቱታው፣ ታኬታው አለ። ሃያ ወላጆች ከሆናችሁ፣ ተሰባስባችሁ ለአንድ ወይም ለሁለት የሠፈር ልጆች ክፍያ መሸፈን ለእያንዳንዳችሁ ትንሽ ነገር ነው። አሠልጣኙንም «በነፃ የምትይዛቸው ልጆች አሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ብዙ አሠልጣኞች ፈቃደኛ ናቸው፤ የሚጠይቃቸው ወላጅ ነው ያጡት። ልጁ ግን «የእርዳታው ልጅ» ተብሎ እንዳይታወቅ ተጠንቀቁ። ስሙ ተጫዋች ነው።

ሁለተኛ፣ የጠበበ ጫማ። የልጅ እግር በየስምንት ወሩ ጫማ ይጥላል። የእናንተ ልጅ የጠበበው ታኬታ ወይም የመሮጫ ጫማ ለሌላው ገና አዲስ ነው። ወደ አገር ቤት፣ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ዳባት ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ ለአካባቢው ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር አድርሱት። ለወላጅ ሳይሆን ለመምህሩ፤ ማን እንደሚሮጥና ማን ጫማ እንደሌለው የሚያውቀው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ የሴት ልጅ ሰዓት። ወንድ ልጃችሁ ለልምምድ ሲወጣ ሴቷ ወጥ ቤት ከቀረች ያ ቤት ውስጥ አጥር አለ። ሣምንታዊ የሥራ ድርሻ ለሁለቱም እኩል ይጻፍ። ቤት ውስጥ የምታግዛችሁ ልጅ ካለችም ለእሷም የራሷ ሰዓት ይኑራት፤ ትምህርቷም፣ ጨዋታዋም።

አራተኛ፣ ወረቀት። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ሕጉ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይላል። ብዙ ቤተሰብ ሰርተፍኬቱን የሚያስታውሰው ፓስፖርት ሲያስፈልግ ነው። የዕድሜ ውድድር ውስጥ የሚገባ ልጅ ግን ትክክለኛ ዕድሜውን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልገዋል። ዕድሜ ቀንሶ ማስመዝገብም «ብልጠት» አይደለም፤ በእውነተኛ ዕድሜው የሚወዳደረውን የሌላ ሰው ልጅ ቦታ መውሰድ ነው። የካምፓላ ልጆችን አስታውሱ።

አምስተኛ፣ ትምህርት። ልጃችሁ ጎበዝ ከሆነ ደግሞ «ኳሱን ይዞ ይኑር» ብላችሁ ደብተሩን አታስጥሉት። ከመቶ ታዳጊዎች ከስፖርት የሚኖረው ጥቂት ነው። ቀሪው ሁሉ ሰው ሆኖ መኖር አለበት፤ ሜዳውም ለዚያ ያዘጋጀው።

የመጨረሻው ነገር በሥራ ላይ ላላችሁ ነው። እኔን መሰል የማርኬቲንግ ሰዎች ስፖንሰርነት ሲመጣ የምናየው ስታዲየም፣ ካሜራና የማልያ ደረት ነው። እዚያ የምናወጣውን ገንዘብ ጥቂቱን ወደ አንድ ወረዳ ትምህርት ቤት ብናወርደው ማስታወቂያችን በቴሌቪዥን አይታይ ይሆናል። ግን የአንድ የታዳጊ ፕሮጀክት የዓመት ኳስና የመምህሩ የትራንስፖርት ወጪ ከአንድ ትልቅ ቢልቦርድ ኪራይ ጋር አይወዳደርም። ለአለቆቻችን ይህን ሒሳብ በሰንጠረዥ አድርገን ማቅረብ የእኛ ሥራ ነው፤ ቁጥር ይሰማሉ።

ጃኪ ሮቢንሰን ፊት የነበረው አጥር የሚታይ ስለነበር ሰው ሊጠላው፣ ሊታገለው ቻለ። በኋላ የመጣው አጥር ግን ዋጋ ነበር፣ ርቀት ነበር፣ «ማንም አልጠራኝም» ነበር፤ በእነዚህ ላይ ማን ይቆጣል? ለዚህ ነው ዝም ብሎ የሚያድገው። በየቤታችን ያለውም ይኸው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ስለዚህ በዚህ ሣምንት ልጃችሁን ወደ ሜዳ ስታደርሱ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ከሠፈራችን እዚህ መምጣት የሚፈልግ ግን ያልመጣ ማን አለ?» ልጆች ስሙን ያውቃሉ። ቶሎ ነው የሚነግሯችሁ። ከዚያ የእናንተ ተራ ነው።